«ጠለፋት» ወይስ «ማረካት»?

ጥያቄ፦ ስለ ቀደምት የቪዲዮ ጌሞች በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። በብዙዎቹ አንዲት ሴት ትወሰድና ጀግናው ሊያስጥላት ይነሣል። «በጭንቅ ላይ ያለች ልጃገረድ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ጓደኛዬ «የተጠለፈች ልዕልት» በል አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱንም ቢተዋቸው እመርጣለሁ። ስለ ሴት ሲነገር «ጭንቅ» መጀመሪያ የሚያሳስበው ምጥን ነው፤ «በጭንቅ ላይ ናት» የተባለ ሰው «ማርያም ትቅረባት» ይላል። «ልዕልት»ም ለሁሉም አይሆንም። ኒንቴንዶ በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዶንኪ ኮንግ ጎሪላው የሚወስዳት ሴት ልዕልት አይደለችም፤ መጀመሪያ «ሌዲ» ብቻ ተባለች፣ ኋላ ፖሊን የሚል ስም ወጣላት።

በዚያው ጌም እሷ ከቆመችበት አጠገብ የእርዳታ ጥሪ በጽሑፍ ብልጭ ይላል። ጥሪው በአማርኛ «ድረሱልኝ!» ነው። ስለዚህ ለዚህ ዓይነቷ ገጸ ባሕርይ «ድረሱልኝ ባይ» የሚለውን አቀርባለሁ፤ «ይግባኝ ባይ»፣ «አቤት ባይ» እንደምንለው።

የሚከብደው ግሡ ነው። አውሮፕላንም ይጠለፋል፣ ስልክም ይጠለፋል፤ ሴት ተጠለፈች ሲባል ግን ጋብቻ አለበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከማግባት ሐሳብ ጋር አያይዞ ነው የሚደነግገው፤ ጠላፊው ኋላ ቢያገባት እንኳ ከተጠያቂነት አያመልጥም። ይህ ቃል በእናቶቻችንና በእህቶቻችን ላይ የደረሰ በደል ስም ነው። በማይገባው ቦታ እየገባ እንዲሳሳ አልፈልግም።

እንግዲህ ግሡን ከመምረጥዎ በፊት ሴቲቱ ለምን እንደተወሰደች ይዩ። የዶንኪ ኮንጉ ጎሪላ «ነጠቃት»፤ ጭልፊት ጫጩት ሲወስድ የምንለው ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ግን ሌላ ነው። ከጌሙ ጋር የነበረው መመሪያ እንደሚተርከው ኩፓ የተባሉት ኤሊዎች የእንጉዳዮቹን መንግሥት ወረሩ፣ ሕዝቡንም በአስማት ድንጋይና ጡብ አደረጉት። ድግምቱን ልትፈታ የምትችለው የንጉሡ ልጅ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ በኤሊዎቹ ንጉሥ እጅ ናት። ይህ ጦርነት ነው። «ማረካት» ይበሉ፣ እሷንም «ምርኮኛዋ ልዕልት»። «አገታት» ዛሬ በየዕለቱ የምንሰማው ቃል ስለሆነ ብዕርዎ ወደዚያ ሊያዘነብል ይችላል፤ ነገር ግን እገታ ማስለቀቂያ የሚጠየቅበት ነው፣ እዚህ ማንም ምንም አልጠየቀም። «ምስኪኗ» የሚል ቅጽልም አይጨምሩባት። በመመሪያው ቃል የሕዝቡ መዳኛ እሷ ናት፤ ይህን ብዙ ጸሐፊ ይዘነጋዋል።

«ጠለፋ» የሚቀርበው በ1989 እ.ኤ.አ. ለወጣው ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ ነው። ጃፋር የተባለው ቪዚር (የቤተ መንግሥቱ ዋና ሹም) ልዕልቲቱን ቆልፎባት «በአንድ ሰዓት ውስጥ ታገቢኛለሽ ወይም ትሞቻለሽ» ይላታል፤ ለተጫዋቹም የተሰጠው 60 ደቂቃ ነው። ከገዛ ቤተ መንግሥቷ አላወጣትምና ነገሩ ጠለፋ ለመባል መንገዱ ይጎድለዋል፤ ሐሳቡ ግን ያው የጠላፊ ሐሳብ ነው። እዚያ ላይ ጓደኛዎ «ጠለፋ» ቢል አልከራከረውም።