ሁለተኛው ጣት አውራው ላይ ሲወጣ ሽቦ ብቻ አይበቃም

እህቴ፣ ሁለተኛው የእግር ጣትሽ አውራው ላይ እየወጣ ነው፤ ሐኪሙ «በሽቦ እናቃናዋለን» ብሎሽ ልስማማ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እሺ ከማለትሽ በፊት እነዚህን አጣሪ።

1. ጣቱን በእጁ ፈትሾታል? በአንድ እጁ ከጣቱ ኋላ ያለውን ረጅሙን የእግርሽን አጥንት (ሜታታርሳል) አጥብቆ ይይዛል፣ በሌላው የጣቱን ሥር ወደ ላይ ይገፋል። ከደህናው እግር ይልቅ ከተንሸራተተ ወይም ያው የምታውቂው ሕመም ከመጣ፣ ከመገጣጠሚያው ሥር ያለው ፕላንታር ፕሌት የሚባለው ወፍራም ማሰሪያ ላልቷል ወይም ተቀዷል። ራጁም ቆመሽ ይነሳ፤ ተኝተሽ ከሆነ መንሸራተቱ ሊደበቅ ይችላል።

2. በጣቱ አጥንቶች ውስጥ የሚገባው ሽቦ የታጠፈውን ያቃናል እንጂ የተቀደደውን አይሰፋም። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ሲወጣ ጣቱ ተመልሶ ሽቅብ ሊነሳ ይችላል። ሰው ለዚህ ሲባል ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ሲገባ ያናድዳል፣ ምክንያቱም ፕሌቱን ያኔውኑ መስፋት ይቻል ነበር። አሁን ፕሌቱን ለመስፋት በብዛት የሚገባው ከእግሩ ላይ በኩል ነው፦ ዋይል በሚባለው አቆራረጥ የሜታታርሳሉ ጫፍ ከመሬት ጋር ትይዩ ተቆርጦ ለጊዜው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ፕሌቱ ያኔ ይታያል። ክር ይገባበትና በጣቱ የመጀመሪያ አጥንት ሥር በተበሱ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይወጣል። የተቆረጠው በትንሽ ብሎን ከታሰረ በኋላ፣ ጣቱ ትንሽ ወደ ታች እንደተያዘ ክሩ ይቋጠራል። አጥንቱ ስንት ሚሊሜትር እንደሚያጥር ጠይቂ፤ 2 ወይም 3 የተለመደ ነው። ከበዛ ጣቱ መሬት ሳይነካ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ጫናውም ወደ ሦስተኛው ይዞራል።

ፕሌቱ ተበጣጥሶ ስፌት ካልያዘ ጣትን ወደ ታች የሚያጥፈው ረጅም ጅማት ለሁለት ተሰንጥቆ በአጥንቱ ግራና ቀኝ ወደ ላይ ይሰፋል። ጣቱን ያወርደዋል፣ ግን ያደርቀዋል፤ ፕሌቱ መሰፋት ከቻለ ይህን አልመርጥም።

አውራ ጣትሽ ወደ ሁለተኛው ካዘነበለ እሱም አብሮ ይስተካከል፤ አለዚያ መግፋቱን አይተውም። «ነርቭ ነው» ተብሎ መገጣጠሚያው ላይ ኮርቲሶን መወጋትም ፕሌቱን የባሰ ሊያላላው ይችላል፤ አትደጋግሚው።

ከዚያ በኋላ 6 ሳምንት ያህል ሶሉ የማይታጠፍ ጫማ አድርገሽ ተረከዝሽ ላይ ተደገፊ፣ ጣቱም ወደ ታች ተስቦ በፕላስተር ይታሰር። ቁስሉ ደርቆ ሐኪሙ ሲፈቅድ በእጅሽ ወደ ታች ማጠፍ ጀምሪ፤ ከዘገየሽ ጠባሳው ወደ ላይ ይስበዋል።