«ዲታችመንት»ን በአንድ ቃል ልተርጉመው?

ለቋንቋ አምድ አዘጋጅ፣

ከእንግሊዝኛ በምተረጉማቸው ጽሑፎች ውስጥ «ዲታችመንት» የሚለው ቃል ደጋግሞ ይገጥመኛል። አንዱ ጽሑፍ ስለ ጦር ነው፣ አንዱ ስለ ዓይን ሕመም፣ ሌላው ሐኪም ከታካሚው ጋር ስላለው ግንኙነት። ወጥ እንዲሆን ብዬ ሁሉንም «መነጠል» አልኩት፤ መልሼ ሳነበው ግን አማርኛ አልመስል አለኝ። አንድ ቋሚ ፍቺ አለው? ከሌለውስ በምን ልለይ?

ተርጓሚዋ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ጆሮዎ አላሳሳተዎትም። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ሥሩ በካስማ ላይ ማሰርን ከሚያመለክት ጥንታዊ ቃል ጋር ይያያዛል። መነሻው እንግዲህ ከታሰሩበት መፈታት ነው። እንግሊዝኛው እዚያ ላይ ይቆማል፤ አማርኛ ግን ነገሩ በምን ተይዞ እንደነበር ይጠይቃል። በሙጫ የተለጠፈ ወረቀት ይላቀቃል፣ ቅርንጫፍ ከግንዱ ይገነጠላል፣ በብሎን የታሰረ ይፈታል፣ ከመንጋው የራቀ በግ ይነጠላል። ስለዚህ መጀመሪያ «ምን ከምን ተለየ?» ብለው ይጠይቁ።

ለዓይኑ «የሬቲና መላቀቅ» ይበሉ። ሬቲና በዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለ፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው፤ የሚላቀቀውም ከሚመግበው ሽፋን ነው። እዚህ ላይ የቃል ምርጫ ብቻውን አይበቃም። ድንገት የሚበዙ ተንሳፋፊ ነጠብጣቦች፣ ብልጭታና እንደ መጋረጃ የሚጋርድ ጥላ ምልክቶቹ ናቸው፤ ሕመም ስለሌለው ሰው ይዘናጋል፣ መዘግየት ደግሞ ማየትን ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል። «አስቸኳይ» የሚለው ቃል በትርጉሙ ውስጥ እንዳይጠፋ አደራ።

በጦር ጽሑፍ ከዋናው ክፍል ተለይቶ ለአንድ ግዳጅ የተላከ ኃይል ማለት ነው፤ ቋሚ ቁጥር የለውም። «ጓድ» ወይም «ሻምበል» ካሉት አንባቢው የታወቀ መጠን ያለው ክፍል ይመስለዋል። «ለልዩ ግዳጅ የተመደበ ክፍል» ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው የስሜቱ ነው። «ሐኪሙ ዜናውን በዲታችመንት ነገራት» የሚለውን ይውሰዱ። «ስሜቱን ገታ አድርጎ ነገራት» ካሉ ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም ይታያል፤ «ግድ ሳይሰጠው ነገራት» ካሉ ጨካኝ ይሆናል። ሁለቱ አንድ ሰው አይደሉም! የሚለየው በዙሪያው ያለው ነው፦ ጸሐፊው ከጥንቃቄ፣ ከፍርድና ከሚዛናዊነት ጋር ካነሳው የመጀመሪያው ነው፤ ከብቸኝነት፣ ከድንዛዜና ካለመቀራረብ ጋር ካነሳው «ከሰው መራቅ» ወይም «የስሜት መደንዘዝ» ይሆናል። እንደሚያዩት፣ አማርኛው የሚያምረው ስሙ ወደ ግስ ሲቀየር ነው፤ «በስሜታዊ መነጠል» ብሎ የሚናገር ሰው የለም።

ስለ ቤት በሚወጣ ማስታወቂያ «ዲታችድ» የሚለው የቃሉ ዘመድ ቢገጥምዎ ደግሞ «ራሱን ችሎ የቆመ ቤት» ነው፣ ሌላ አይፈልግም።

በመንፈሳዊ ጽሑፍ «ምናኔ» የሚለው ቃል ይፈትንዎታል። ምናኔ ግን ዓለምን ንቆ፣ ጥሎ መሄድ ነው። ጽሑፉ ሀብቱም ቤተሰቡም እያለው ልቡን ስላላሰረበት ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው አልመነነም፤ «ልቡን አላሰረበትም» ብለው ይተዉት፣ ካስማውም ገመዱም እዚያው ውስጥ አለ።