የዓድዋ ዘማች በጣት ቁመት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የካቲት ሲመጣ ደብዳቤ ይበዛል። ዘንድሮም ትንንሽ የወታደር ምስሎችንና የጦር ሜዳ ሞዴሎችን የምትሰበስቡ፣ የምትቀቡና ገና ያልተሠራውን የምትመኙ አንባቢዎች በብዛት ጽፋችኋል። ረጃጅሞቹን አሳጥሬ፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ጠቅልዬ አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ የሐዋሳ ተማሪ ነው። ገና ጀማሪ መሆኑን ገልጾ በየትኛው ልኬት ልነሣ ይላል።

መልስ፦ በ1፡72 ጀምር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በዚህ ልኬት 24 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። የፕላስቲክ ምስሎቹ ርካሽ ናቸው፤ በአንድ ሣጥን ብዙ ስለሚገኙም ጥቂቱን ብታበላሽ አይቆጭህም። ፊትና ዓይን አሳምሮ መቀባት ሲያምርህ 54 ሚሊ ሜትር ቁመት ወዳላቸው ምስሎች ታድጋለህ።

ጥያቄ፦ የዓድዋን ጦር የሚመለከተው ምኞት ከሁሉም ይበዛል። አብዛኞቹ የሚፈልጉት ዐፄ ምኒልክን በፈረስ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ራስ አሉላን፣ ከዚያም ፊታውራሪ ገበየሁን። ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉ አባት ደግሞ ያስመጧቸው የሐበሻ ተዋጊዎች ሁሉ ጦርና ጋሻ ብቻ ይዘው መገኘታቸውን ነግረውኛል። ትንሹ ልጃቸው ይህን አይቶ «አባዬ፣ በጦር ብቻ ነው እንዴ ያሸነፍነው?» ብሏቸዋል።

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሜ ለልጁ ልመልስ። አይደለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ያሰለፈው ጦር 17,700 ገደማ ሰውና 56 መድፍ ነበረው። በአራት ብርጌድ ተከፍሎ በአልቤርቶኔ፣ በአሪሞንዲ፣ በዳቦርሚዳና በኤሌና ይመራ ነበር። በፊቱ የቆመው የኢትዮጵያ ጦር በብዙዎቹ ግምት መቶ ሺህ ይደርሳል፤ አብዛኛውም ባለ ጠመንጃ ነበር። ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ቬተርሊ፣ ቤርዳን፣ ማርቲኒ፣ የተገዛውም የተማረከውም በየሰው እጅ ይታይ ነበር። ሆችኪስ ፈጣን መድፎችም ነበሩ። ይህን ጦር በጦርና በጋሻ ብቻ የሚቀርጽ ሠሪ ጀግንነቱን ያከበረ ይመስለው ይሆናል። የሚሰርዘው ግን መሣሪያ በመሰብሰብ ያለፉትን ዓመታት፣ የወረኢሉን ክተት፣ እስከ ዓድዋ የተጓጓዘውን ስንቅ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

አሥር ምስል ያለበትን ሣጥን አንተ ንደፍ ብባል ለሰባቱ ጠመንጃ አስይዛለሁ። አንዱ ተንበርክኮ ይተኩሳል፤ አንዱ ከዝናሩ ጥይት ያወጣል፤ አንዱ ከወደቀ ጠላት ላይ መሣሪያ ያነሣል። ሁለቱ ጎራዴ መዝዘው ይሮጣሉ። አንዱ ጦርና ጋሻ ይይዛል፤ እንዲህ ያለውም ተዋጊ ነበርና። እግራቸው ባዶ መሆኑ ትክክል ነው። እጀ ጠባብና ሱሪ፣ በወገብ ላይ የተጠመጠመ ድግ፣ ከላይ ኩታ ይበቃቸዋል። ለምድና የአንበሳ ጎፈር የመኳንንቱ እንጂ የእያንዳንዱ ዘማች ልብስ አይደለም። ጎራዴ በእኛ አገር በቀኝ ጎን ይታጠቅ ነበር፤ አውሮፓዊ ቀራጭ በለመደው በግራ እንዳይሰቅለው አስቀድማችሁ ንገሩት።

ከደብዳቤዎቻችሁ መካከል ሴቶቹን የጠየቀ አንድም አላገኘሁም። ይህ አሳዝኖኛል። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል። በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገውን የማጆር ጋሊያኖን ጦር ያንበረከከው ምንጩ መያዙ ነው፤ ምክሩም የእቴጌይቱ ነበር። በዘመቻው ውስጥ ውሃ በገንቦ የሚያድሉ፣ እህል የሚፈጩ፣ ቁስለኛ የሚያነሡ ብዙ ሺህ ሴቶች ነበሩ። ጭነት የተሸከመ በቅሎ፣ በበቅሎ ላይ የሚጎሰም ነጋሪት፣ ድንኳን የሚተክል አሽከርም እንዲሁ። ከዐሥረኛው የምኒልክ ምስል በፊት ገንቦ ያዘለች አንዲት ሴት ትቀረጽልን።

ስለ ጠላት ወገንም ልጨምር። የአልቤርቶኔ ብርጌድ በአብዛኛው የኤርትራ አስካሪዎች፣ ማለትም በጣሊያን ሥር የሚዋጉ የአገሬው ወታደሮች ነበሩ፤ ታርቡሽ የሚባለውን ቀይ ቆብ ያደርጋሉ፤ የሻለቃቸው መለያ በቀለም ይለያያል። የጣሊያን ወታደሮች የያዙት ቬተርሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 የወጣውን ካርካኖ ያስያዛቸው ሞዴል ካጋጠማችሁ ሠሪው ሳይጠይቅ ሠርቷል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አይሠሩልንም? ለፕላስቲክ ምስል የሚያስፈልገው የብረት ቅርጽ ማውጫ እጅግ ውድ ነው፤ ብዙ ሺህ ሣጥን ካልተሸጠ ወጪውን አይመልስም። ስለዚህ ትልልቆቹ ድርጅቶች ወደ ዋተርሉና ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደጋግመው ይመለሳሉ። ከነጭ ብረት (በቀላሉ ከሚቀልጥ የቆርቆሮ ቅይጥ) የሚያፈሱ ትንንሽ ሠሪዎች ግን የሚጠቀሙት የላስቲክ ቅርጽ ማውጫ ርካሽ ነው፤ በጥቂት መቶ ገዢም ይኖራሉ። በኮምፒውተር ቀርጸው በሦስት አቅጣጫ (3D) ማተሚያ የሚያትሙት ደግሞ ከዚያም ባነሰ ይሠራሉ። ምኞታችሁን ለእነዚህ ጻፉ። «ዓድዋን ሥሩልን» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም። «ተንበርክኮ በውጅግራ የሚተኩስ፣ ድግ የታጠቀ፣ ባዶ እግሩን የሆነ፣ ፎቶግራፉና የጠመንጃው ርዝመት ይኸው» የሚል ደብዳቤ ግን ለቀራጭ ግማሽ ሥራ ነው።

ማስረጃ ስትልኩ የዓድዋን ባህላዊ ሥዕሎች ብቻ አትላኩ። ሥዕሎቹን እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ከጦርነቱ በኋላ የተሣሉ ናቸው። ወገንን በሙሉ ፊት፣ ጠላትን በጎን ማሳየት የሥዕሉ ሥርዓት ነው። ከሰማይ የሚወርደው ቅዱስ ጊዮርጊስ የሠዓሊው እምነት ነው። የልብስ ቀለምም እንዲሁ በሠዓሊው እጅ የነበረውን ቀለም ሊከተል ይችላል። የዘመኑን ፎቶግራፍና በሙዚየም ያለውን መሣሪያ አስቀድሙ።

ጥያቄ፦ የዓድዋ ዲዮራማ (ጦር ሜዳውን ከነምስሎቹ በትንሹ የሚያሳይ ሞዴል) እየሠሩ ያሉ የባሕር ዳር መምህር ባለ ሦስት ቀለሙን ሰንደቅ በየትኛው ቅደም ተከተል ልቀባ ይላሉ።

መልስ፦ አራት ማዕዘኑ ባለ ሦስት ቀለም ሰንደቅ የተደነገገው በ1890 ዓ.ም. ነው፤ ከዓድዋ በኋላ። በዲዮራማዎ ላይ ቀለሞቹን ለየብቻ በተንጠለጠሉ ረጃጅም ጨርቆች ያውለብልቧቸው።

ጥያቄ፦ ከመቀሌ የጻፉ አንባቢ ዓድዋ ሁሉን ሸፈነ፣ ጉንደትና ጉራ ተረሱ ብለው ይወቅሱናል።

መልስ፦ ወቀሳዎ ይገባናል። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ የግብፅን ጦር ሁለት ጊዜ ድል አድርገዋል፤ ከግብፅ ጦር ጋር አሜሪካዊ መኮንኖች ነበሩ። ለእርስዎ ግማሹ መንገድ ተጠርጓል። ለእ.ኤ.አ. 1882ቱ የእንግሊዝና የግብፅ ጦርነት የተሠሩ የግብፅ እግረኞች፣ ታርቡሻቸውና ሬሚንግተናቸው ሳይቀር፣ ለጉራም ይሆናሉ። በኢትዮጵያ በኩል በዚያ ጊዜ ዘመናዊ ጠመንጃ ገና ጥቂት ነበር። ስለዚህ ለዓድዋ አይሆኑም ያልኳቸው ባለ ጦርና ባለ ጋሻ ምስሎች እዚህ ቦታቸውን ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ ወጣት ናት። «የቆዳ ቀለም» የሚለውን ጠርሙስ ገዝታ ስትቀባ ዘማቾቿ ፈረንጅ ሆኑባት። ጥቁር ስትጨምርበት ደግሞ አመድ መሰሉ።

መልስ፦ ጠርሙሱን ለጣሊያኖቹ አስቀምጪው። መነሻሽ ቀላ ያለ ጥቁር ቡናማ ይሁን። ብርሃን የሚያርፍበትን ጉንጭ፣ አፍንጫና ግንባር ስታነሺ በነጭ አታቅጥኚው፤ አመድ የሚያደርገው ነጩ ነው። ብርቱካናማ ወይም የሸክላ ቀለም ያለው ቡናማ ጨምሪበት። ሁሉንም በአንድ መልክ አትቀቢ፤ ጠይምም፣ ቀይ ዳማም፣ ጥቁርም ከየአገሩ ዘምቷል። ኩታውንም ከመነሻው በነጭ አትጀምሪ። ፈዘዝ ያለ ግራጫ ቀብተሽ ንጹሑን ነጭ ለእጥፋቱ ጫፍ ብቻ አስቀሪለት፤ ጥጥ የሚመስለው ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ የፕላስቲክ ምስል ከመቀባቱ በፊት መታጠብ አለበት?

መልስ፦ አዎ፣ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና።

ጥያቄ፦ ከለንደን የጻፉ እናት ከአማታቸው የወረሱት የእርሳስ ወታደሮች ሣጥን አላቸው። በውስጡ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ክብር ዘበኞች አሉ። ነጭ ዱቄት ስለወረሳቸው በአሸዋ ወረቀት ፍቀው፣ አዲስ ቀለም ቀብተው ለአራት ዓመት ልጃቸው ሊሰጡ አስበዋል። ልጁ እስካሁንም አልፎ አልፎ ይጫወትባቸዋል።

መልስ፦ እመቤቴ፣ የአሸዋ ወረቀቱን ያስቀምጡ። ሣጥኑንም አሁኑኑ ልጁ ከማይደርስበት ቦታ ያንሡ። ዱቄቱ የእርሳስ ዝገት ነው። እርሳስ የሕፃን አንጎል ይጎዳል፤ ለልጅ ምንም አይል የሚባል መጠን የለውም። ሲፈቁት ደግሞ አቧራው ወደ ሳንባና ወደ ምንጣፍ ይገባል። ሐኪምዎን ነገ ያነጋግሩ፤ የልጁ ደም ለእርሳስ እንዲመረመር ይጠይቁ። «ደህና ይመስላል» ብለው አይተዉት፤ ምልክት ሳያሳይም ሊጎዳ ይችላል። የነኩበትን ጠረጴዛና ወለል በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ በደረቅ አይጥረጉ።

ምስሎቹን በተመለከተ በእጅዎ ያለው ትልቅ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ብሪቴንስ የተባለው የለንደን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1893 ውስጡ ክፍት የሆነ የእርሳስ ወታደር ማፍሰስ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 እርሳስን ተወ። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኞችና የኢትዮጵያ ተዋጊዎችን በየሣጥኑ አድርጎ ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ የጣሊያን ወታደሮችንም እንዲሁ። ያ ትውልድ ስለ እኛ ጦር በመጫወቻ ደረጃ ያየው ይህን ነው። አዲስ ቀለም ከቀቡት ይህ ታሪክ ከሥር ይቀበራል። ከእንጨት ቁም ሣጥን፣ በተለይ ከኦክ፣ ያውጡት፤ የእንጨቱ አሲዳማ ትነት ነው እርሳሱን የሚበላው። ማጽዳቱን የብረታ ብረት ቅርስ ጠጋኝ ይሥራው።

ዋጋውን ለጠየቁ ሌሎች ሁለት አንባቢዎች፦ መጫወቻ የሚያጫርት የሐራጅ ቤት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ በቀድሞ የጦር ሜዳ አጠገብ የዛገ የመድፍ ጥይት አግኝቷል። አጽድቶ የዲዮራማው መቆሚያ ሊያደርገው ፈልጎ በምን ላጽዳው ይላል።

መልስ፦ በምንም። አትንካው፣ አታንቀሳቅሰው፣ ቤት ውስጥ ከሆነ ቤተሰቡን ይዘህ ውጣና ለፖሊስ ደውል። ፈንጂ በዕድሜ ብዛት አይሞትም፤ ማቀጣጠያው ሲዝግ እንዲያውም ይበልጥ ይጨክናል። ይህን ጽሑፍ አንብበህ ሳትጨርስ ደውል።

ጥያቄ፦ የአክሱም ጦር ይሠራልን፤ በተለይ የዐፄ ካሌብ።

መልስ፦ እኔም እመኛለሁ፤ ቀራጩ ግን የሚይዘው ማስረጃ ትንሽ ነው። በሳንቲሞቹ ላይ ንጉሡ በስንዴ ዛላ መካከል ይታያል፤ በቁፋሮ የጦር ጫፎች ተገኝተዋል። የቢዛንታይን መልእክተኛ ያየውን የመዘገበው ዮሐንስ ማላላስ ደግሞ ንጉሡ አራት ዝሆኖች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ቆሞ እንደነበር ይነግረናል። በዚህ ልክ አንድ ታላቅ ሥራ ማለትም ሠረገላው፣ አራቱ ዝሆኖችና ንጉሡ ሊቀረጽ ይችላል። ከተራው ወታደር ልብስ ጋር ግን አትቸኩሉ፤ የሮማን ወታደር ጠይም ቀለም ቀብቶ አክሱማዊ ማለት ታሪክ አይሆንም።

ጥያቄ፦ አያታቸው የቃኘው ዘማች የነበሩ የደብረ ብርሃን አንባቢ፣ ለኮሪያ የዘመተው ሻለቃ ምስል ለምን የለም ብለው ተቆጥተዋል።

መልስ፦ ቁጣዎን እጋራለሁ፤ መፍትሔው ግን ከሌሎቹ ይቀላል። ቃኘው ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲሄድ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። በጦርነቱ ጊዜ ሦስት ሻለቃዎች ተፈራርቀዋል፤ አንድም ሰው ለጠላት አልተማረከባቸውም። ስሙ የራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው። የያዙት መሣሪያ፣ የብረት ቆቡና የክረምቱ ካፖርት አሜሪካዊ ስለነበረ፣ ለኮሪያ ጦርነት የተሠሩ የአሜሪካ እግረኞች ከአንገት በታች ለእርስዎ ይሆናሉ። የሚቀርጹት ፊቱን ነው። ለሠሪዎችም የሚጻፈው ጥያቄ ይኸው ነው፦ የብረት ቆብ ያደረጉ ኢትዮጵያውያን ራሶች፣ ለብቻቸው የሚሸጡ። ትንሽ የነጭ ብረት አፍሳሽ በቀላሉ ይሠራዋል።

የትከሻውን ምልክት፣ የማዕረጉን አቀማመጥ፣ በበረዶው ውስጥ ምን እንደደረቡ ግን ከእኔ አይጠይቁ። አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ይሂዱ። ይህን ለወጉ አልጻፍኩትም። በሕይወት ያሉት ዘማቾች በዘጠናዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ ለክረምት አያቆዩት። የአያትዎን ፎቶግራፍ ኮፒ አስደርገው፣ ጥያቄዎችዎን በወረቀት ጽፈው፣ ድምፅ መቅጃ ይዘው በዚህ ሳምንት ይሂዱ።