አገጩ ሲያርፍ ለኩ

ሴትዮዋ ከቦርሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ሲፈቱት፣ ከሁለት ሳምንት በፊት በኩራት ያስረከብኳቸው ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። «ልጄ፣ ጥርሱስ ያምራል። ግን እኔ ሳልናገር እሱ ይቀድመኛል» አሉኝ። ከዚያ አጠለቁትና ማውራት ጀመሩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በየቃሉ መሐል የላዩና የታቹ ይጋጫል። ዝም ሲሉ ደግሞ ከንፈራቸው አይገጥምም። ለመግጠም ሲታገሉ አገጫቸው ላይ ያለው ቆዳ ይሸበሸባል።

ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ምን እንዳደረግኩ ወዲያው ገባኝ። መጀመሪያ ሲመጡ ጉንጫቸው ገብቶ፣ አፋቸው ዙሪያ ተጨማዶ ነበርና «ትንሽ ወጣት አድርገኝ» ብለውኝ ነበር። እኔም ጥርሱ ከመደርደሩ በፊት ንክሻ ለመለካት አፍ ውስጥ የሚገባውን ሰም ከፍ፣ ከፍ አደረግኩት። መስታወት ሲያዩ ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ። ኋላ ስለካው ከሚገባው 5 ሚሊ ሜትር ያህል አልፌያለሁ።

ይህን የምጽፈው ጥርስ በሌለው አፍ ላይ ገና እጃችሁን ለምታፍታቱ ልጆች ነው። ኢምፕሬሽን፣ ማለትም የድዱን ቅርጽ መውሰድ ትለምዱታላችሁ። ጥርስ መምረጥም እንደዚያው። ብዙ ሰው የሚወድቀው የንክሻው ከፍታ ላይ ነው። ሲወድቅም ወዲያው አይታወቀውም። ታካሚው ቤቱ ገብቶ፣ አውርቶና አኝኮበት ነው የሚለየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርስ ያለው ሰው አፉን ሲዘጋ መንጋጋው የት እንደሚቆም ጥርሶቹ ይወስኑለታል። ጥርስ ሲያልቅ በሩ ማቆሚያ ያጣል፤ አገጭ ወደ አፍንጫ ይጠጋል። ማቆሚያውን መልሳችሁ የምትተክሉት እንግዲህ እናንተ ናችሁ። በሙያው ቨርቲካል ዳይሜንሽን የምንለው ይህን ነው። ሁለት ልኬት አለው፤ አንዱ ሰውየው ነክሶ ሳለ፣ ሌላው ከንፈሩ ገጥሞ መንጋጋው ሲያርፍ። በሁለቱ መሐል ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለ። ፍሪዌይ ስፔስ እንላታለን። የማኘኪያ ጡንቻ የሚያርፈው በእሷ ነው። እኔ ሴትዮዋን የነሳኋቸው ያችን ነበር።

ስለዚህ ስሌቱ የልጅ ሥራ ነው። የዕረፍቱን ልኬት ያዝ፣ 3 ቀንስ። መከራው ያለው «ዕረፍት» የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። እስቲ አስቡት፤ የማያውቀው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አፉ ሰም ተሞልቶ፣ ፊቱ ላይ ካሊፐር የሚባል ርቀት መለኪያ የተደቀነበት ሰው እንዴት ነው የሚያርፈው?

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ወንበሩን ቀጥ አደርገዋለሁ። ጭንቅላታቸው መደገፊያው ላይ እንዲጋደም አልፈቅድም፤ ወደ ኋላ የተቀለበሰ አንገት መንጋጋን ይጎትታልና ልኬቱ ይለወጣል። አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አንድ ነጥብ፣ አገጫቸው ላይ አንድ ነጥብ አደርጋለሁ። የአገጩን ነጥብ ቆዳው ብዙ የማይንሸራተትበት ቦታ ፈልጉለት፤ ጺም ካለ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዚያ ከንፈርዎን ይላሱ እላለሁ፣ ይዋጡ እላለሁ፣ «እምም» ይበሉ እላለሁ። «ዘና ይበሉ» ግን ከአፌ አይወጣም። ዘና በል የተባለ ሰው ሲገተር ስንቴ አየሁ መሰላችሁ።

ከዚያ ካሊፐሩን አስቀምጬ ካርዱ ላይ የምጽፍ እመስላለሁ። ሥራው ያለቀ ሲመስላቸው ትከሻቸው ይወርዳል። ትንፋሻቸው ይረዝማል። ያኔ ቀስ ብዬ እለካለሁ፤ እንዲህ ሦስት ጊዜ። ቁጥሩን ረዳቴ ትመዘግባለች እንጂ ጮክ ብላ አታነበውም፤ እኔም አላየውም። የመጀመሪያውን ቁጥር ካወቅኩ ሁለተኛውን ሳላውቀው ወደዚያ እጎትተዋለሁ። ራሴን አምኜ ስንቴ ተታልያለሁ። ሦስቱ ልኬት ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ፣ ትንሽ ወሬ እናወራና እንደገና እንጀምራለን።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ቶምፕሰን የተባለ ተመራማሪ ይህ የዕረፍት ቦታ ዕድሜ ልክ አይለወጥም ብሎ ነበር። በ1950ዎቹ አትዉድ በራጅ ሲከታተለው በአንዱ ሰው ላይ እንኳ ከቀን ቀን እንደሚለያይ፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላም እንደሚለወጥ አሳየ። ስለዚህ በካሊፐሩ ቁጥር አትማሉ። አንድ ምስክር ነው፤ ሌሎች ምስክሮች ጥሩበት።

ወደ ሰሙ እንሂድ። መጀመሪያ የላዩን ጨርሱ። ከንፈርን እንዴት እንደሚደግፍ፣ ከከንፈር ሥር ምን ያህል ብቅ እንደሚል፣ ከፊት ከሁለቱ ዓይኖች መስመር ጋር፣ ከጎን ከአፍንጫ ክንፍ እስከ ጆሮ ካለው መስመር ጋር እኩል መሄዱን እዩ። የላይኛው ሪም (የሰሙ ግድግዳ) ከፊት 22፣ የታችኛው 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ተደርጎ ይሠራል፤ ይህ ግን መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። ላዩን ካጸደቃችሁት በኋላ አትንኩት። ከፍታውን የምታስተካክሉት ታቹን በመቀነስና በመጨመር ነው። ሁለቱንም የሚያነካካ ጀማሪ ግማሽ ቀን ሲዞር ይውልና የት እንደጀመረ ይጠፋበታል።

ደግሞ ከኋላ በኩል ባትሪ አብርታችሁ እዩ። ሰሙን የተሸከሙት የላዩና የታቹ ቤዝ (መሠረት) ጫፎች ሰሙ ሳይገናኝ ቀድመው ከተነካኩ፣ የምትለኩት ከፍታ የውሸት ነው። ይህቺን ነገር ስንት ጎበዝ ረስቷታል። እኔንም ጨምሮ።

አሁን ታካሚውን አስቆጥሩት። «ከስልሳ ጀምረው እስከ ስልሳ ሰባት ይቁጠሩልኝ» በሉ። ቋንቋችን በዚህ አላሳፈረንም፤ ስልሳ ስድስት ብሎ የ«ስ» ድምፅን ማምለጥ አይቻልም። «ስ» ሲባል ላይና ታች በጣም ይቀራረባሉ እንጂ አይነካኩም። ሲልቨርማን እ.ኤ.አ. በ1953 የጻፈበት ዘዴ ይህ ነው፤ ክፍተቱ በብዙ ሰው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከተጋጩ ከፍ ብሏል። በጣም ከተራራቁ ዝቅ ብሎ ይሆናል። «ይሆናል» ያልኩት በምክንያት ነው። የታች መንጋጋው ወደ ኋላ የሸሸ ሰው ክፍተቱ በተፈጥሮው ሰፊ ነውና ሞልታችሁ እንዳታስጨንቁት። ሰም ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ምላስ ይሰናከልበታል። ስለዚህ ቆጠራውን ጥርሱ በሰም ላይ ተደርድሮ በሚሞከርበት ቀን ድገሙት። «ማማ»፣ «ባባ» አስብሏቸው፤ ከንፈር ሳይታገል መግጠም አለበት።

የዊሊስ መለኪያን ብዙዎቻችሁ ትወዱታላችሁ። ከዓይን ብሌን እስከ አፍ ማዕዘን ያለው ርቀት ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ሥር ካለው ጋር ይመሳሰላል ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን የአገጭ ሥር ሥጋው ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ጫን ካላችሁት የፈለጋችሁትን ቁጥር ይሰጣችኋል። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የምጠይቀው።

ሰዎች የሚንቁት ትልቁ ምስክር አሮጌው ጥርስ ነው። ታካሚው «ይሄ አይረባም» ብሎ ቤቱ ትቶት ይመጣል። አምጡት በሉ። 15 ዓመት የታኘከበት ጥርስ አልቋል፤ ከሥሩ ያለው አጥንትም ሟሙቷል፤ በተለይ የታቹ። ታልግሬን እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣችው የ25 ዓመት ክትትል የታችኛው መንጋጋ የሚሟሟው ከላይኛው 4 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ አሮጌው ጥርስ ላይ ከፍታው ወርዶ ይጠብቃችኋል። የወረደውን ሁሉ ግን በአንድ ቀን መመለስ አያምራችሁ። በዚያ ከፍታ ለዓመታት የኖረ ጡንቻ ድንገት ሲለጠጥ ያምፃል። እኔ አሮጌው ጥርስ ላይ ትንሽ አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ፕላስቲክ) ጨምሬ ለጥቂት ሳምንታት አስሞክራለሁ። ከለመዱት አዲሱን በዚያ እሠራለሁ።

ከሁለት ስህተት ምረጥ ብትሉኝ ዝቅ ያለውን እመርጣለሁ። ዝቅ ያለ ጥርስ ጣጣ የለውም ማለቴ አይደለም። የአፍ ማዕዘን ይረጥባል፣ ይሰነጠቃል፣ ማኘክ ይደክማል፣ ፊት ያረጃል። ግን ሰውየው ጥርሱን አድርጎት ይውላል፤ እኛም ቀስ ብለን እናነሳለታለን። ከፍ ያለው ግን ቀኑን ሙሉ ድድ ሲወቅጥ ይውላል። የቁስሉ ቦታ አይለይም፤ ድዱ በሙሉ ያማል። እናንተ እዚህም እዚያም ትሞርዳላችሁ፣ ሕመሙ ቦታ ይቀይራል። ታካሚው «ማታ ማታ ጉንጬ ይዝላል» ካላችሁ ሞረዱን አስቀምጡና ከፍታውን እንደገና ለኩ።

ሽብሽብን በተመለከተ፣ ያኔ ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር። ከንፈርን የሚሞላው ከፍታ አይደለም። የፊት ጥርሶች የቆሙበት ቦታና ከላያቸው ያለው ድድ መሳይ አክሪሊክ ውፍረት ነው። የሴትዮዋን የታች ጥርሶች በሙሉ አንስቼ፣ አዲስ ንክሻ ወስጄ፣ እንደገና ደረደርኩ። ከላይ ደግሞ የፊቶቹን ትንሽ ወደ ከንፈሩ አመጣኋቸው። ከስልሳ ሲቆጥሩ ስልሳ አራት ላይ ቆም አሉና «አሁንስ ዝም አለ» አሉኝ። እስከዚያ ያልጠየቅኳቸው ነገር ይቅርታ ነበር። እሱንም ያን ቀን ጠየቅኩ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ነገ የቀሩ ጥርሶቹ ሊነቀሉለት የተቀጠረ ሰው ካላችሁ፣ መንቀያውን ከማንሳታችሁ በፊት አፍንጫውና አገጩ ላይ ሁለት ነጥብ አድርጉ። ጥርሶቹ አሁንም በትክክል የሚገናኙ ከሆነ አስነክሱና ለኩ፤ ቀጥሎ አሳርፉና ለኩ። ከፊትና ከጎን ፎቶ አንሱ። ነጥቦቹ የት እንደነበሩም ጨምራችሁ ካርዱ ላይ ጻፉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።