ከመበላታችሁ በፊት ይህን ቴአትር አንብቡ

ልጆቼ፣

በጥብቅና ሙያ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጀማሪ ጠበቆች ስለ ማጭበርበር ምን እናንብብ ሲሉኝ ከሕግ መጻሕፍት በፊት አንድ የድሮ የእንግሊዝ ቴአትር እጠራላቸዋለሁ። የምቀልድ ይመስላቸዋል።

ሼክስፒርን በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ እናውቀዋለን። የዘመኑን ሰው ቤን ጆንሰንን ግን ብዙዎቻችን አንጠራውም። ሼክስፒር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1598 በጆንሰን ድራማ ላይ ተውኗል። እኔ የምላችሁ በ1610 የቀረበውን «አልኬሚስቱ»፣ ማለትም ተራ ብረትን ወርቅ አደርጋለሁ ባዩ፣ የተባለ ኮሜዲውን ነው።

ለንደን ውስጥ ወረርሽኝ ይገባል። አንድ ጌታ ቤቱን ለአሽከሩ ትቶ ይሸሻል። አሽከሩ ከአንድ አጭበርባሪና ከአንዲት ሴት ጋር ተሻርኮ ቤቱን የማታለያ ቢሮ ያደርገዋል። ደንበኛ ይጎርፋል። የጠበቃ ጸሐፊው ቁማር የሚያስበላለት መንፈስ ይፈልጋል። ትምባሆ ሻጩ የሱቄ በር በየት በኩል ቢሆን ገበያ ይቀናኛል ይላል። ባላባቱ ብረትን ሁሉ ወርቅ የሚያደርግ ድንጋይ ካላገኘሁ ብሎ ይሟሟታል። አጥባቂ ሃይማኖተኞችም አይቀሩም። የውጭ አገር ሳንቲም ማቅለጥና መሥራት ይፈቀዳል ወይ ብለው ይመክራሉ፤ የሚያዋጣቸውንም መልስ ያገኛሉ። እዚህ ጋ ሁሌም እስቃለሁ።

ልብ በሉ፣ ሌቦቹ ለሁሉም አንድ ውሸት አይሸጡም። ሰዉ ምኞቱን ይዞ ይመጣል፤ እነሱ ዋጋውን ብቻ ይቆርጣሉ። ዛሬ በቴሌግራም ብርህን በሳምንት እጥፍ ላድርግልህ የሚላችሁም ሥራው ይኸው ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ መጨረሻው ነው። ጌታው ሲመለስ አሽከሩን አይቀጣም፤ የተዘረፈውን ዕቃ ለራሱ ያስቀራል። ባላባቱ ንብረቴን ሲል፣ መሸወድህን የሚያረጋግጥ ወረቀት አምጣ ይባላል። ከዚያስ ይቅርብኝ ብሎ ይሄዳል። ስንቱ የተበላ ሰው ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ ክስ እንመሥርት ስለው አፍሮ ተመልሷል! አጭበርባሪ ቀድሞ የሚያሰላው ይህን ሐፍረት ነው። ከተበላችሁ ተናገሩ። ደረሰኙንና መልእክቱን አታጥፉ።

ቋንቋው ይከብዳል፣ አልዋሻችሁም። ሦስት ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ የሚጀምረው በሦስቱ ሌቦች ጠብ ነውና ለሦስት ሰው ይመቻል። ስድቡም ለጉድ ነው። የአልኬሚ ቃላቱ ካልገቧችሁ ዝለሏቸው። ለደንበኞቹም አልገቧቸውም፤ ሌቦቹ የደረደሯቸውም እንዳይገቡ ነው።