ዐይነ ስውር ወንድምሽ ሩጫ ከየት ይጀምር?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ከብቸና ወጣ ብሎ ገጠር እንደምትኖሩ፣ የ16 ዓመቱ ወንድምሽ ሁለቱም ዐይኖቹ እንደማያዩ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ «አንተ ጥላ ሥር ተቀመጥ» እየተባለ እንደሚውል፣ ቤት ሲመለስ ግን የግቢውን አጥር ከውስጥ በኩል በእጁ እየዳሰሰ ዙሪያውን እንደሚሮጥ ጽፈሻል። «ለእሱ የሚሆን የምር ውድድር አለ ወይ? ካለስ ከየት እንጀምር?» ነው ያልሽው። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ለአንድ ዐይነ ስውር ጓደኛዬ መሪ ሯጭ ሆኜ አብሬው ሮጫለሁ። ረዘም ቢልብሽም ያየሁትን ልጻፍልሽ።

የምር ውድድር አለ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፦ በ2024 ፓሪስ ላይ በተደረገው ፓራሊምፒክ፣ ማለትም በአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ፣ ሯጯ ያየሽ ጌቴ ሙሉ በሙሉ በማያዩ ሴቶች 1500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ አምጥታለች። በዚያው ውድድር ይታያል ስለሺ በወንዶቹ ብር ወስዷል። ትዕግስት ገዛኸኝ ደግሞ በጭላንጭል፣ ማለትም በጥቂቱ በሚያዩት ምድብ የአገራችንን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ ከቶኪዮ ካመጣች በኋላ ፓሪስ ላይ ደግማዋለች። ኢትዮጵያ ፓራሊምፒክን የጀመረችው በ1968 ቴል አቪቭ ላይ ነበር፤ ወንድዬ ፍቅሬ በእጅ ጉዳት ምድብ 1500 ሜትር ሮጦ የመጀመሪያውን ሜዳሊያ ለንደን ላይ እስኪያገኝ ድረስ 44 ዓመት አልፏል። ይህን ሁሉ ለወንድምሽ ንገሪው። ስማቸውን በቃሉ ይያዝ።

አሁን ወደ አጀማመሩ። ከጫማም፣ ከቱታም፣ ከማመልከቻም በፊት የሚያስፈልገው አጠገቡ የሚሮጥ ሰው ነው።

ጓደኛዬ ልጅነቱን ያሳለፈው ቅኔ ቤት ነው። በእኛ አገር ዐይነ ስውር የቆሎ ተማሪ ወይም የኔታ መንገድ ሲሄዱ አይተሻል፤ አንድ ልጅ የዱላውን ጫፍ ይዞ ከፊት ይመራል። እኔም መምራት ማለት ያ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጎህ ሳይቀድ፣ ብርዱ ጆሮ እየቆረጠ፣ የጫማ ክር አጥፈን ጫፍና ጫፉን ጣታችን ላይ አስገባንና ተነሣን። ግማሽ ዙር እንኳ ሳንሄድ ቆመ። ክሩ የመሃል ጣቱን ከርክሮ አቅልቶታል። «አንተ ዱላ የያዝክ መሰለህ» አለኝ። «የዱላ ሰው ከፊት ነው የሚሄድ። አንተ ጎኔ ሁን። ስትስበኝ እግሬ የት እንደሚያርፍ ይጠፋኛል።» ለካ አንድ እርምጃ ቀድሜ እየጎተትኩት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል የሠራነው እጅና እግር ማስማማት ብቻ ነው። የእሱ ቀኝ እጅና የእኔ ግራ እጅ በአንድ ገመድ ስለተያያዙ አብረው ነው የሚወዛወዙት፤ ስለዚህ የእሱ ግራ እግር ሲወጣ የእኔ ቀኝ ይወጣል። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ ሩጫው ከዚያ በኋላ። ሲስማማላችሁ ገመዱ ይላላል። ገመዱ ላልቶ ካየሽው በደንብ እየሮጣችሁ ነው። ቃላችንንም አሳጠርን፦ «ግባ» ካልኩ ኩርባ መጣ፣ «ቀጥ» ካልኩ ኩርባው አለቀ፣ «ሰው» ካልኩ ልንቀድም ነው። እየሮጠ ያለ ሰው ረጅም ንግግር አይሰማም።

አንድ ቀን ደግሞ ዐይኔን በነጠላ አሳሰረና ሌላ ልጅ እንዲመራኝ አደረገ። ሜዳው ለጥ ያለ መሆኑን እያወቅሁ ሃምሳ ሜትር ሳልሞላ ሁለት እጄን ወደፊት ዘርግቼ ቆምኩ። እሱ በየቀኑ በእኔ ቃል ብቻ ሙሉ ፍጥነቱን እየለቀቀ የሚሮጠው ምን ያህል አምኖኝ እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ወንድምሽን የሚመራ ማንም ይሁን ማን፣ መጀመሪያ ይህን ይሞክር።

ሕጉንም ከአሁኑ እወቁት። ሙሉ በሙሉ የማያዩት ምድብ ቲ11 ይባላል፤ ትንሽ ብርሃን የሚያይ ሰው ብልጫ እንዳይኖረው ሁሉም ዐይናቸውን ሸፍነው ይሮጣሉ፣ መሪም ግዴታ ነው። ቲ12ና ቲ13 የጭላንጭሎቹ ምድቦች ናቸው፤ ቲ12 መሪ ቢፈልግ ይይዛል፣ የተሻለ የሚያየው ቲ13 ብቻውን ይሮጣል። ገመዷ አጭር ናት፣ ከአንድ ስንዝር ብዙም አትበልጥም። መሪው መሳብም መግፋትም አይችልም፣ መጨረሻውን መስመር አስቀድሞ መርገጥ ያለበት ሯጩ ነው። ፓሪስ ላይ ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ማራቶኑን ሦስተኛ ሆና ልትጨርስ ጥቂት ሜትር ሲቀራት፣ መሪዋ ጡንቻው ተሸማቅቆ ሊወድቅ ሲል ልትደግፈው ብላ ገመዱን ለቀቀች። በዕለቱ ከውድድሩ ተሰረዘች። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «እኔም እለቅ ነበር» አለ።

አንድ የሚያንገበግበኝን ነገር ልንገርሽ፣ በእናንተ እንዳይደርስ። አንድ ውድድር ላይ አዘጋጆቹ ጭላንጭሎቹንና ምንም የማያዩትን ባንድ ላይ አሰለፉ፤ የዐይን መሸፈኛም አልነበረም። ጓደኛዬ ምንም ከማያዩት አንደኛ ወጥቶ ሳለ በጥቅሉ ስምንተኛ ተብሎ ተመዘገበ። «ለተሳትፎ ነው እኮ» አሉን። ወር ሙሉ በሌሊት እየተነሣ በጭቃ የሮጠ ሰው ለተሳትፎ አልነበረም የመጣው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት በየትኛው ምድብ እንደሚሮጥና ስንት ልጆች እንዳሉበት ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

የዐይን ሐኪምን አታስቀሩ። በአካባቢያችን ትራኮማውም ሞራውም ብዙ ነው፤ «ዕውር ነው» ተብሎ ያደገ የጎረቤታችን ልጅ ሞራ ሆኖ ተገኝቶ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጥላና ሰው መለየት ችሏል። የማይድን ቢሆንም እንኳ ለምድቡ የሐኪም ወረቀት ግድ ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ ወረዳችሁ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና በየትኛው የክልል ውድድር መግባት እንደሚችል ጠይቁ። በአገር ደረጃ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ፓራሊምፒክ ኮሚቴ ነው።

በርቀት ምርጫ ላይ ብዙ ልጆች ሲሳሳቱ አይቻለሁ። 800 ሜትር ያሠለጥኗቸዋል፣ ፓሪስ ላይ ግን ለዐይነ ስውራን 800 ሜትር አልነበረም፤ 10 ሺህም እንዲሁ። ልጁ የእኛን ከፍታ እየተነፈሰ ያደገ ነው፣ 1500ን ይያዝ።

መሪ ከሯጩ መፍጠን አለበት፣ እየሮጠም መናገር መቻል አለበት። አንቺ ልትጀምሪው ትችያለሽ፤ ሲያመልጥሽ ግን ለፈጣን ልጅ አስረክቢው፣ ቅር አይበልሽ። ከተቻለ ሁለት ልጆች አለማምዱ። ጓደኛዬ ከእኔ በፊት ሁለት መሪዎች ነበሩት፤ አንዱ ክለብ አግኝቶ፣ ሌላው ሥራ ይዞ ሄዱ። በየጊዜው እንደገና ከእርምጃ ነው የጀመረው።

ጥያቄሽን ለጓደኛዬ አንብቤለት ነበር። ወዲያው የጠየቀኝ «አጥሩን የሚዳስሰው በየትኛው እጁ ነው?» ብሎ ነው። በቀኙ ከሆነ ወደ ግራ መዞር ለምዷል ማለት ነው፤ የሩጫ መምም የሚዞረው ወደ ግራ ነው። እንግዲያው አጥሩ በነበረበት በኩል አንቺ ቁሚና ገመዱን በቀኝ እጁ አስይዥው።