ዱላው ከላይ ሲደርስ

ልጆቼ፣ ጎልፍ የጀመራችሁም ልትጀምሩ የምታስቡም የድሬ ልጆች፣ ዕድሜዬን በማሰልጠን ስላሳለፍኩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወጣት ተማሪ ምት ሲያበላሽ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ኳሷ ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የተሠራው ከዚያ በፊት ነው። ዱላው ወደ ኋላ ወጥቶ ሊመለስ ባለባት በዚያች አጭር ቅጽበት።

እዚያ ላይ ልጁ ይጣደፋል። ዱላው ሽቅብ መውጣቱን ሳይጨርስ በእጁና በትከሻው ይጎትተዋል። ቀኝ ትከሻው ወደ ፊት ይወጣል። ዱላው ኳሷን ከውጭ ወደ ውስጥ ይቆርጣታል፤ ኳሷም ወደ ቀኝ ትጠማዘዛለች። (ግራኝ ከሆናችሁ ገልብጡት።) ከዚያስ? በሚቀጥለው ምት የባሰ ጉልበት ይጨምራል። አቦ፣ ጉልበት አይደለም የጎደላችሁ!

እስቲ ሰዓቱን እዩት። በጥሩ ተጫዋች ምት ዱላው ወደ ኋላ ለመውጣት 0.75 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ወርዶ ኳሷን እስኪመታ ደግሞ 0.25 ሰከንድ ገደማ። ሦስት ለአንድ ማለት ነው። የሰው ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ተሰምቶት ምላሽ ለመስጠት 0.2 ሰከንድ አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ዱላው መውረድ ከጀመረ በኋላ «ኧረ ተሳሳትኩ» ብሎ ማረም የለም። ሐሳቡ ሳይደርስ ኳሷ ሄዳለች። የሚስተካከል ነገር ካለ የሚስተካከለው ከላይ፣ መመለሻው ላይ ነው።

ታዲያ ማን ይጀምር? እግርና ዳሌ። ቀጥሎ ደረት፣ ከዚያ ክንድ፣ በመጨረሻ ዱላው። ብዙ ሰው የሚያመልጠው ግን ይሄ ነው፦ ዳሌ ወደ ዒላማው መመለስ የሚጀምረው ዱላው ገና ወደ ኋላ እየሄደ ሳለ ነው። ለአፍታ ታችኛው አካል ወደ ፊት፣ ላይኛው ወደ ኋላ ይሄዳል። በመሃል ያለው ጡንቻ ይወጠራል፤ ፍጥነትም ከዚያ ውጥረት ይገኛል። እጅ ቀድሞ ከጎተተ ውጥረቱ ይላላል፣ የእጅ አንጓም ያለጊዜው ይፈታል።

ይሄን ደግሞ ታውቁታላችሁ። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ቆማችሁ ድንጋይ ስትወረውሩ ማን አስተማራችሁ? ግራ እግራችሁ ወደ ፊት ሲረግጥ ድንጋይ የያዘው እጅ ገና ኋላ ነው። እግሩ ካረፈ በኋላ እጁ ይከተላል። ጎልፍም ላይ የምፈልገው ይሄንኑ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ስልክ ላይ በስሎሞሽን የምታዩት ቪዲዮ ያሳስበኛል። ጥሩ ነገር አለው፣ አልክድም። ግን ምስሉን ከላይ ላይ አቁማችሁ «እጁ እዚህ ነው፣ ክርኑ እዚያ ነው» እያላችሁ ያንን ቅርጽ ስትቀዱ ሰውነታችሁ ይገተራል። መመለሻው ቅርጽ አይደለም፤ እንቅስቃሴ ነው። ጃፓናዊው ሂዴኪ ማትሱያማ ከላይ ሲደርስ የቆመ ይመስላል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 ከጎልፍ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን፣ ማስተርስን፣ ያሸነፈው በዚሁ ምቱ ነው። ቆም ማለቱን ብቻ ወስዳችሁ ከዚያ በእጅ ከጎተታችሁ ግን ምንም አላተረፋችሁም።

ፍጥነትም ቢሆን የየሰው ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ኧርኒ ኤልስ በዝግታ የሚመታ ይመስላል፤ የዚምባብዌው ኒክ ፕራይስ ፈጣን ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ሦስቱን እነዚህ ሁለቱ ወሰዱ። ኤልስ የአሜሪካን ኦፕን፣ ፕራይስ የብሪታኒያውን ኦፕንና ፒጂኤን። አንዱ ቀስ፣ አንዱ ቶሎ፣ ሁለቱም የአህጉራችን ልጆች። ስለዚህ ጓደኛችሁ ፈጣን ነው ብላችሁ አትሩጡ። በራሳችሁ ፍጥነት ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

ለልምምድ ሳር የለበሰ ሜዳ ባታገኙ አትዘኑ። የመጥረጊያ እንጨት ይበቃል። ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ውጡ። ሁለት እግራችሁን ገጥማችሁ ቁሙ። እንጨቱ ወደ ኋላ እየሄደ ሳለ፣ ከላይ ሳይደርስ፣ ግራ እግራችሁን ወደ ዒላማው አራምዱና ርገጡ። ከዚያ ምቱ ይምጣ። መጀመሪያ እግራችሁ ይደናበራል። ግድ የለም፣ ቀጥሉ። ደቻቱ ውስጥ የምትለማመዱ ከሆነ ግን አደራ፣ በሐረር በኩል ያለው ተራራ ሲጠቁር ውጡ። ድሬ ላይ ሰማዩ ብሩህ ቢሆንም ጎርፉ ከዚያ ነው የሚመጣው። በእኛ አቆጣጠር የ1998ቱን የሐምሌ ሌሊት ጎርፍ ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

ምቱን በቃል መቁጠርም ይረዳል። ተማሪዎቼን «ድሬዳዋዬ» በሉ እላቸዋለሁ። «ድ» ላይ ዱላው ይነሳል፣ «ሬ»ና «ዳ» ላይ ይወጣል፣ «ዋ» ላይ ከላይ ይደርሳል፣ «ዬ» ላይ ኳሷ ትመታለች። ሦስት ለአንድ። ቃሉን እኩል እኩል በሉት፤ «ዋ»ን የምትውጡ ከሆነ ከላይ እየተጣደፋችሁ ነው ማለት ነው። ፓተር ይዛችሁ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ ስትገፉ ግን «ዬ»ዋን ተዉአት። እዚያ የሚያስፈልገው ሁለት ለአንድ ስለሆነ «ድሬዳዋ» ይበቃል፤ «ዳ» ላይ ዱላው ይመለሳል፣ «ዋ» ላይ ኳሷን ይነካል።